ጎሚስታውን ገዳይ ያደረገው መጽሐፍ

አባቴ ዓለም ከተማ በምትባለው ከተማችን ብቸኛው ጎሚስታ ነበር። ይህን የምለው ልኮራበት አይደለም። ከተማው ሁለተኛ ጎማ ለጣፊ ቢኖረው ኖሮ አባቴ ሰው ገደለ የሚለው ወሬ መንዝ፣ ቀየት ድረስ ባልሄደ፣ የእኔም ሠርግ ሊፈርስ ጫፍ ላይ ባልደረሰ ነበር።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነው። እኔ የመምህርነት ሥልጠናዬን ጨርሼ በተወለድኩበት ከተማ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ታጭቻለሁም። እጮኛዬ አብሮኝ የሠለጠነ የመንዝ ልጅ ነው፤ ቀየት ተመድቦ ያስተምራል። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ እንዲህ ያለ የቤተ ክህነት ቤት ደግሞ ምራት ሲመርጥ መልክና ሙያ አይቶ ብቻ አይበቃውም። ሽማግሌዎቻቸው መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ሰባት ቤት ቆጥረው ዘመዳሞች አለመሆናችንን አጣሩ፤ በመጨረሻም አባቴን «ደም የለብዎትም?» ብለው ጠየቁት። ጥያቄው በአገራችን ነውር አይደለም። ደም ካለበት ቤት የተጋባ ሰው የሟች ወገን ቂሙን በልጅ ልጆቹ ላይ እንዳይወጣበት ይፈራል። አባቴም «እንኳን የሰው የበግ ደም ስፈራ ነው የኖርኩት፤ ለፋሲካ የሚያርድልኝ ጎረቤቴ ነው» አላቸው። ሳቁ፤ ቀኑም ለጥር ተቆረጠ።

ቀያሹ የመጣው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነው። ለመንገድ ሥራ ነበር የተላከው፤ ጓሯችን ያለችውን ክፍል ተከራየ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮፍያውን ከራሱ የማያወልቅ ሰው ነው። ሥራው ሦስት እግር ባለው መሣሪያ እያነጣጠረ መሬቱ ላይ ችካል ማስቸከል ነው። አባቴ ገና በመጀመሪያው ቀን «ኢንጂነር» ብሎ ጠራው፤ እሱም «ኢንጂነር አይደለሁም፣ ቀያሽ ነኝ» እያለ ወር ሙሉ ተከራክሮ በመጨረሻ ተሸነፈ። እኔ ግን ታላቄ ስለሆነ «ጋሼ» እለው ነበር።

ከሥራ ሲመለስ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቶ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጽፋል። የመንገዱን ሪፖርት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሻይ ሳቀርብለት ወረቀቱን አየሁትና «ይህን የሚያነብልህ አለቃ ካለህ እግዜር ይርዳው» አልኩት። ጽሕፈቱ ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር። አልተቀየመም። «አለቃዬ አያየውም። የወንጀል ልብ ወለድ ነው» አለኝ። የት እንደሚፈጸም ስጠይቀው በአገጩ መናኸሪያውን አመለከተኝ። «እዚሁ» አለ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ያነበብኳቸው የወንጀል ታሪኮች ሁሉ የሚፈጸሙት እኔ በማላውቀው ትልቅ ከተማ፣ በማላውቀው ሆቴል ውስጥ ነበር። የእኛ መናኸሪያ፣ ያ ጭቃና የበግ በጠጥ የማይጠፋበት ሜዳ፣ መጽሐፍ ውስጥ ይገባል ብሎ ማን ያስባል። እሱ ግን «የማይታየውን ቦታ መጻፍ ቀላል ነው፤ ማን ይይዝሃል? እኔ የምጽፈው አንባቢው ተነሥቶ ሄዶ ሊያየው የሚችለውን ነው» አለኝ። ያን ዕለት ወደድኩት። እንደ ወንድ አይደለም፤ ሥራውን አክብሮ እንደሚሠራ ሰው ነው የወደድኩት። ጽሕፈቴ በትምህርት ቤቱ የታወቀ ስለነበር ረቂቁን ልገለብጥለት ተስማማን።

ጽሑፉን እንደ መንገድ ነበር የሚሠራው። አንዲት ዓረፍተ ነገር መሬት ላይ ካልቆመችለት አያልፍም። አንድ ቅዳሜ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ አቁሞኝ ራሱ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመና ኮፍያውን አውልቆ እያወዛወዘ «ታዪኛለሽ?» ብሎ ጮኸ። በታሪኩ ውስጥ ምስክር የሆነችው ሴት ከዚያ በር ላይ ሆና ገዳዩን ማየት ትችል እንደሆነ ሊያረጋግጥ ነው። ከተማው ይህን ሲያይ መንገዱ በመጋዘኑ ላይ ሊያልፍ ነው ብሎ ደመደመ። የእህል ነጋዴው በማግሥቱ ለቀያሹ ሙክት አርዶ ጠበቀው። ቀያሹ ምሳውን እምቢ ብሎ ሲመለስ አባቴ «ሥጋውን በልቶ እምቢ አይባልም ነበር?» ብሎ አሾፈበት።

ታሪኩ እንዲህ ነበር። አንድ የእህል ነጋዴ ማለዳ አውቶብሱ ከመነሣቱ በፊት መጋዘኑ ጀርባ ሞቶ ይገኛል። አዲስ የተመደበ ፖሊስ ጉዳዩን ይይዛል። ፖሊሱ ቀስ እያለ፣ ሰው እያናገረ፣ በዚያ ሰዓት ነቅቶ የነበረውን ሁሉ ይቆጥራል። በዚያ ሰዓት ደግሞ የሚነቃ አንድ ሰው አለ። አውቶብሱ ወደ ጀማ ወንዝ ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት ጎማው መታየት አለበት፤ የሚያየውም ጎሚስታው ነው።

ቀያሹ አባቴ ሱቅ ተቀምጦ ይውል የነበረው ለዚህ ኖሯል። ከመነዳሪ የሚባለው የጎማው ውስጠኛ ላስቲክ እንዴት እንደሚለጠፍ፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ጎማውን ከቸርኬው የሚፈለቅቀው ብረት በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ጠየቀው። አባቴን ስለ ሥራው እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «መቼ ይደርሳል?» ብሎ ነው። አባቴ ደስ አለው፤ ብረቱንም አሲዞ አስተማረው። የሟቹ ኮሌታ ላይ የማስቲሽ ነጠብጣብ የተገኘበትን ምዕራፍ ስገለብጥ ገዳዩ ማን ሊሆን እንደሆነ ገባኝና ለአባቴ ነገርኩት። ብዙ ሳቀ። «ያን የሚያክል ነጋዴ የምጥል ሰው መሰልኩት?» አለ። ደግሞም ትንሽ እንደኮራ አይቻለሁ።

ችግሩ የመጣው ከንባቡ ነው። ቀያሹ ያለቀውን ምዕራፍ እሑድ ከሰዓት መናኸሪያው አጠገብ ባለው ሻይ ቤት ያነብ ጀመር። መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተረክ ስለለመድን የከተማው ሰው ነገሩ ገብቶታል፤ እንደ እኛ ያለ ሰው ሻዩን ይዞ ይሰማል፣ ገዳዩን ይገምታል፣ ይወራረዳል። መናኸሪያ ግን መናኸሪያ ነው። አንዱ መጀመሪያውን ሳይሰማ ይመጣል፣ ሌላው መጨረሻውን ሳይሰማ ተሳፍሮ ይሄዳል። ለገጠሩ ሰው ደግሞ በሕዝብ ፊት ከወረቀት የሚነበብ ነገር ሁለት ነው፤ ወይ የጻድቅ ገድል ነው፣ ወይ የመንግሥት ወይም የፍርድ ቤት ቃል ነው። ጎሚስታና ሬሳ ያለበት ነገር ገድል እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ስለዚህ አንድ የመንዝ በግ ነጋዴ ቀየት ደርሶ «የዓለም ከተማው ጎሚስታ ነፍስ አጥፍቶ ክሱ በአደባባይ ሲነበብበት በጆሮዬ ሰማሁ» አለ። ዋሸ አልልም። በጆሮው ሰምቷል።

ሽማግሌዎቹ በኅዳር መጨረሻ ተመልሰው መጡ። ሦስት ናቸው። ገብተው ሲቀመጡ ጠላ ቀዳሁላቸው፤ አልነኩትም። ከሐዘን ቤት በቀር ጠላ ሳይቀምስ የሚቀመጥ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።

«ቃላችንን ልንመልስ ነው የመጣነው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «በእርስዎ ላይ ክስ መነበቡን ሰምተናል።»

«የምን ክስ?» አለ አባቴ።

«የእህል ነጋዴ ገድለዋል የሚል።»

አባቴ እኔን አየኝ፤ እኔ ጓሮውን አየሁ። ቀያሹን ጠራሁት። ኮፍያውን አውልቆ ገባ፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ ያለ ኮፍያ ያየሁት ለሁለተኛ ጊዜ ነው። «አባቶች፣ እሱ የእኔ ጽሑፍ ነው። ልብ ወለድ ነው፤ እውነት አይደለም» አለ።

«እውነት አይደለም?» አሉ ሽማግሌው።

«አይደለም።»

«መናኸሪያ የለም?»

«አለ።»

«ከጀርባው የእህል መጋዘን አለ ተብሎ ተነቧል። የለም?»

«አለ።»

«የጎሚስታው በር ወደ ምሥራቅ ነው ተብሏል። ወደየት ነው?»

«ወደ ምሥራቅ ነው።»

«አውቶብሱ ዶሮ ሲጮኽ መሞቅ ይጀምራል የሚለውስ?»

«እሱም እውነት ነው፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ይህን ሁሉ እውነት ለቃቅመህ ስታበቃ በአንዱ ነገር ላይ ብቻ ለምን ዋሸህ?» አሉት።

እስከ ዛሬም ስለ ልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። አባቴ ሮጦ ሄዶ የእህል ነጋዴውን በነፍሱ፣ በቦርጩም ጭምር፣ ይዞት መጣ። «ይኸው፣ ሟቹ!» አለ። ሽማግሌዎቹ ነጋዴውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «እርስዎ በመኖርዎ ደስ ብሎናል። እርስዎ መኖርዎ ግን ሌላ ነጋዴ አለመሞቱን አያሳይም» አሉት። ነጋዴው ተናዶ ወጣ።

እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ማልቀሴ ለሠርጉ ብቻ አልነበረም። አባቴ «ለልጄ ስትሉ» ሲል ሰምቼ ነው። ለራሱ ማንንም ሲለምን ሰምቼው አላውቅም።

በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ፈረዱ። «በአደባባይ የተነበበ ክስ በጓዳ አይፋቅም። ነገሩን ይዘን ብንመለስ ወሬው ይቀድመናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ይጠራ። መሪጌታም ራሳቸው መጥተው ይስሙ። የዚያ ወረቀት መጨረሻም እዚያው ይነበብ።»

«መጨረሻውን ገና አልጻፍኩትም» አለ ቀያሹ።

«እሰየው» አሉ ሽማግሌው። «እንግዲያው ጊዜ አለህ።»

አውጫጭኝ የድሮ ሰው ሥርዓት ነው። ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲሰወር ያገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። የሚያውቅ ሰው ግን በአደባባይ ቆሞ «እገሌ ነው» አይልም፤ ቂም ይያዝበታላ። ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ሹክ ይላቸዋል፤ እነሱም የነገራቸውን ሰው ሳይጠሩ ወፏ ያለችውን ለሕዝቡ ያወጣሉ። እኔ ይህን በወሬ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ቀበሌና ፍርድ ቤት ባለበት ዘመን ማን ይፈልገዋል።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ቀያሹ ላይ ዘመትኩ። «ጋሼ፣ ገዳዩን ቀይረው» አልኩት።

«ማን ላድርገው?»

«ፎቶ አንሺውን።»

«ፎቶ አንሺው እዚህ ከተማ ስንት ነው?»

«አንድ።»

«እናቱ ክፉ ወሬ ሲሰሙ ልባቸውን ያማቸዋል ያልሽኝ እሱ አይደለም?»

«መድኃኒት ሻጩስ?»

«ገዳይ ነው ከተባለ ማን ክኒን ይገዛዋል?»

«ልብስ ሰፊ አድርገው። ልብስ ሰፊዎች እንኳ ሁለት ናቸው።»

«ሁለት ከሆኑ አንዱ ሌላውን ‹አንተ ነህ› እያለ ሲጣሉ ይኖራሉ።»

እንዲህ እያልን ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ዞርነው። ሥጋ ሻጩ፣ ሰዓት ሠሪው፣ የወፍጮው ባለቤት፤ ሁሉም አንድ ሰው ነው፤ ሁሉም ወይ እናት፣ ወይ እህት፣ ወይ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለችው። በትልቅ ከተማ ገዳይ ከሰው መሐል ይደበቃል። በእኛ ከተማ አንድ ሙያ ስትጠራ አንድ ሰው «አቤት» ይላል። ተስፋ ቆርጬ «በቃ ማንም የማያውቀው መንገደኛ ገድሎት ሄደ በል» አልኩት።

«እሱ አንባቢን ማታለል ነው» አለ። «ገዳዩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መሐላችን የነበረ መሆን አለበት።»

«አንባቢህ ገደል ይግባ። የእኔ ትዳር ነው እየፈረሰ ያለው።»

አባቴ በር ላይ ቆሞ ይሰማን ኖሯል። ገባና ከቀያሹ አጠገብ ተቀመጠ። «ኢንጂነር፣ ሥራህን በእኔ ምክንያት አበላሽ አልልህም ነበር» አለው። «ተሠርቶ አየር የሚያስወጣ ጎማ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እኔን የፈለጉትን ይበሉኝ፣ ግድ የለኝም። አሁን ግን የልጄ ነገር ሆነ።» ቀያሹ «ገብቶኛል፣ አባቴ» ብሎ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ከዚያ እስከ እሑድ ድረስ አንዲትም ገጽ ለግልበጣ አልሰጠኝም። ስጠይቀው «ይህችን ራሴ አነባታለሁ፤ የዶሮ ጭረትም ብትሆን አነባታለሁ» አለኝ። ተቀይሜው አላናገርኩትም።

እሑድ ቅዳሴው ሲያልቅ ሕዝቡ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ባለው ሜዳ ላይ ተቀመጠ። መሪጌታ ከልጃቸው ጋር መጥተዋል፤ እጮኛዬ እኔን ላለማየት መሬት መሬቱን ያያል። አንድ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው «አይቶ የሸሸገ፣ ሰምቶ ያፈነ፣ የዘራው አይብቀል» ብለው አስማሉ፤ ሕዝቡ አሜን አለ። ከዚያ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እየተነሣ ጥዱ ሥር ወደተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ሄዶ ሹክ እያለ ይመለስ ጀመር። አባቴ ብቻውን መሐል ሜዳ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሰልፉ ረዘመ። ምን ያህል የሚነገር ነገር አለ ብዬ ፈራሁ።

በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ተነሡ። «ወፍ ስለ ሞተ ሰው የነገረችን የለም። በዚህ ከተማ በጎሚስታው እጅ የሞተ የለም» አሉ። እፎይ ልል ስል ቀጠሉ። «ነገር ግን ወፎች ሌላ ነገር ነግረውናል፤ የተነገረን ሁሉ ይወጣል ብለን ስለማልን እናወጣዋለን።»

በአገራችን ሰውን ፊት ለፊት ማመስገን ከባድ ነው። ወይ ሽንገላ ይመስላል፣ ወይ ዓይን ውስጥ ያስገባል ይባላል። ያን ዕለት ከተማው የአባቶቹን የስውር ክስ መንገድ አገኘና ለዚህ ተጠቀመበት።

«አንዷ ወፍ እንዲህ ትላለች፦ በክረምት የጀማ ዳገት ላይ ጎማ ፈንድቶ የቆመ አውቶብስ ውስጥ ሴት ወለደች። ይህ ሰው ጎማውን ሠርቶ ጋቢውን ለአራሷ አልብሶ፣ በሸሚዝ ብቻ ብርዱን ጠጥቶ ዳገቱን ወጣ። ጋቢውን ተቀበል ሲባል ‹የማን ጋቢ ነው?› ብሎ ካደ።

ሌላዋ ወፍ፦ ከዚህ ሰው ጋር ተጣልቼ ሳለ መኪናዬ ተበላሸ። ወዳጁ ከኋላዬ ቆሞ እያለ የእኔን ቀድሞ ሠራ። ለምን ቢሉት ‹እሱ ነው ቀድሞ የመጣው› አለ።

ሌላዋ ወፍ ደግሞ ‹ነገ ና› ማለት ያበዛል ብላለች።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ አባቴም ሳቀ። ሽማግሌው ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁና የመጨረሻውን ተናገሩ። «ሌላዋ ወፍ፦ ሚስቱ የሞተች ጊዜ ልጁ ትንሽ ነበረች። ጠጉሯን የሚሠራላት አጥቶ ከእኛ ቤት እየመጣ በእኔ ልጅ ጠጉር ሹሩባ መሥራት ተማረ። እጁ የጎማ ብረት የለመደ ስለሆነ ልጄ ብዙ ቀን አለቀሰች። ለማንም እንዳትናገሩ ብሎ አስምሎን ነበር፤ የማልነው እኛ ነን እንጂ ወፍ አልማለችም።»

ልጅ ሆኜ አባቴ ጠጉሬን ሲሠራኝ ትዝ ይለኛል። አባት ሁሉ የሚያውቀው ነገር መስሎኝ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ፣ አማቴ ሊሆኑ በሚገባቸው ሰው ፊት፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ተንሰቀሰቅኩ። አባቴ ግን አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ጭቃ በእንጨት ይፍቅ ነበር።

«ወረቀቱስ?» አሉ መሪጌታ። የመጀመሪያው ቃላቸው ነበር።

ቀያሹ ተነሥቶ ቆመ። ንባቡ ቀስ ያለ ነበር፤ ጽሕፈቱ ለራሱም አስቸግሮታል። ፖሊሱ ጎሚስታውን ሊይዝ ሄዶ የማስቲሹን ነጠብጣብ እንደገና ሲመረምር ነጠብጣቡ ማስቲሽ እንዳልሆነ ያገኘዋል። የችካል ራስ የሚቀባበት ቀለም ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ችካል ተሸክሞ የሚያልፍ አንድ ቀያሽ ነበር፤ እኔ ስገለብጥ የራሱን ምስል ያስቀረ መስሎኝ እስቅበት ነበር። ለካ ይህ የመጽሐፉ ቀያሽ ችካሉን ከመጋዘኑ ላይ እንዲያነሣ ከነጋዴው ጉቦ በልቷል፤ ነጋዴው አጋልጥሃለሁ ሲለው በችካል መዶሻ ገድሎታል። ሁሉም ነገር ገጠመ። ያልገጠመ ነገር አልነበረም። ረቂቁን በእጄ የገለበጥኩ ሰው ነኝና ልመስክር፤ ከጎሚስታው ይልቅ ይህ ገዳይ መጽሐፉን አሳመረው።

ንባቡ አለቀ። ሙክት ያረደው ነጋዴ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

«በዚህ ከተማ ቀያሽ ስንት ነው?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«አንድ፣ አባቴ።»

«ሰው ገድለሃል?»

«አልገደልኩም።»

«ጉቦስ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ታዲያ በሕዝብ ፊት በራስህ ላይ ለምን ታነባለህ?»

«የእኔን ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ የለም» አለ። «የእሷን የምትቆጥሩት ግን እናንተ ናችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ልብ ወለድ ምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባቸው ብዬ አልዋሽም። ሰውየው ግን ገብቷቸዋል። ትልቁ ሽማግሌ ወደ መሪጌታ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። መሪጌታም ተነሥተው አባቴ የተቀመጠበት ድንጋይ ድረስ ሄዱና እጁን ይዘው አስነሡት። ቤታችን ገብተው ጠላውን የጠጡት ያን ጊዜ ነው። በጥር ተጋባን፤ እኔም ቀየት ገባሁ።

ቀያሹ ግን ያነበበውን ተሸክሞት ቀረ። ችካል ሊተክል በሄደበት መንደር ሁሉ «መጋዘን የሚያስመልጠው እሱ ነው» እያሉ በጎን ያዩት ነበር ብሎ አባቴ ነግሮኛል። አንድም ቀን «ውሸት ነው» ብሎ ሲከራከር አልሰማሁትም አለኝ። መጽሐፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስስ ወረቀት ላይ ታተመ፤ ዓለም ከተማ መናኸሪያ ላይ የተሸጠውን ያህል የትም አልተሸጠም አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ሊፈልግበት ይገዛው ነበር።

ሥራው ወደ ግሼ ወረዳ ሲዛወር ራቤል በምትባል ከተማ አንዲት የጤና ረዳት ወደደ። እናት አባቱ አርፈዋል፤ ሽማግሌ አድርጎ የሚልከው ሰው አልነበረውም። ወደ አባቴ ላከ። አባቴ አዲስ ጋቢ ለብሶ ቀየት መጣ፤ እኔ ቤት አደረና አማቴን መሪጌታን አስከትሎ ራቤል ሄደ። ልጅቷን ሰጧቸው። አባቴ እንዴት እንደሰጧቸው ስጠይቀው «ደግ ሰዎች ናቸው» ብሎ አለፈው። ነገሩን የነገሩኝ አማቴ ናቸው።

የልጅቷ አጎት «ልጁን ወደነዋል» ብለው ጀመሩ። «ዘሩንም አጣርተናል። ነገር ግን በዓለም ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በሕዝብ ፊት ደም አለብኝ ብሎ ያነበበ ቀያሽ አለ ሲባል ሰምተናል። እሱ ነው?»

አማቴ ስለ ልብ ወለድ ሊያስረዱ አፋቸውን ሲከፍቱ አባቴ ጉልበታቸውን ያዝ አደረጋቸው።

«እሱ ነው» አለ አባቴ። «ደሙ ግን የእኔ ነበር። ለልጄ ብሎ ነው የወሰደልኝ።»